ማሳና ማዕድ፦ የጅማ የእርሻ ትምህርት ሰባ ዓመታትና የተማሪው ጓሮ

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ በጅማ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ አጭር ገጠመኝ ላንሣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ሳስተምር ሦስት ቅጠሎች ይዤ ወደ ክፍል ገባሁ። አንዱ የጎደሬ፣ አንዱ የቦዬ፣ አንዱ ደግሞ ከእንሰት የተቆረጠ ነበር። «እነዚህ ምንድን ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት እነዚሁ ተማሪዎች የናይትሮጅንን ዑደት በሰሌዳ ላይ ያለ አንዳች ስሕተት ሥለውልኝ ነበር። ትምህርቱ ካበቃ በኋላ ከጎማ ወረዳ የመጣ አንድ ተማሪ ወደ እኔ ቀርቦ፣ ሦስቱንም እንደሚያውቃቸው፣ እናቱ በጓሮአቸው እንደምትተክላቸው ነገረኝ። «ታዲያ ለምን አልተናገርህም?» ብለው፣ «መምህር፣ የድኻ ምግብ ነው ብለው ይስቁብኛል ብዬ ነው» አለኝ።

የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ተማሪ መልስ ለመስጠት የሚደረግ ሙከራ ነው። ጥያቄውም እንዲህ የሚል ነው፦ የእርሻ ትምህርት ቤት በተከፈተበት ከተማ፣ ቡና ከጫካው በሚለቀምበት ሀገር፣ የሚያውቀውን የምግብ ተክል በክፍል ውስጥ ለመናገር የሚያፍር ተማሪ እንዴት ሊኖረን ቻለ? ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ስለ አረንጓዴ ግቢ፣ ስለ ከተማ ግብርና፣ ስለ ዘላቂነት ብዙ ይነገራል። እኔ ግን የታሪክ ተማሪ እንደመሆኔ፣ ወደ ፊት ከመራመዳችን በፊት መንገዱ የት ላይ እንደተጣመመ ማየት ይገባናል እላለሁ።

ከኦክላሆማ እስከ ጅማ

ታሪኩ የሚጀምረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን እ.ኤ.አ. በጥር 1949 ባሰሙት የሹመት ንግግር አራተኛ ነጥባቸው ለታዳጊ ሀገሮች የሚሰጥ የቴክኒክ እርዳታ ነበር። ፕሮግራሙ «ፖይንት ፎር» የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነው የተሾሙት የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ሲሆኑ፣ እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1950 ኢትዮጵያን ጎብኝተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ስለ እርሻ ትምህርት ተነጋግረው ነበር። ቤኔት የሐሳባቸውን ፍሬ ሳያዩ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1951 በኢራን በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው አለፈ። ውሉ ግን በ1944 ዓ.ም. ተፈረመ፤ የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤትም በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በሩን ከፈተ።

በዚያ ዘመን የእርሻ ትምህርት በአገሪቱ አልነበረም ማለት አይደለም፤ አምቦ ከጅማ ይቀድማል። የጅማው ግን ከአንድ ትልቅ ዕቅድ ጋር የተያያዘ ነበር። የዓለማያ ኮሌጅ ሕንፃዎች በሐረርጌ ገና በመሠራት ላይ ሳሉ፣ የኮሌጁ የመጀመሪያ ትምህርት የተሰጠው በዚሁ በጅማ ግቢ ነበር። ተማሪዎቹ በ1949 ዓ.ም. ወደ ዓለማያ ተዛወሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ኮሌጁን በጥር 1950 ዓ.ም. መርቀው ከፈቱ። እንግዲህ የኢትዮጵያ ከፍተኛ የእርሻ ትምህርት የተጀመረው እዚሁ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከኦክላሆማ የመጣው ሐሳብ ምን ነበር? አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1862 ባወጡት ሕግ መሠረት የተቋቋሙት ኮሌጆች በሦስት እግር የቆሙ ነበሩ፦ ማስተማር፣ መመራመርና የተገኘውን ዕውቀት ለገበሬው ማድረስ። መምህሩ ጠዋት የሚያስተምረውን ከሰዓት በኋላ በማሳ ይፈትነዋል፤ በማሳ የተፈተነውን ደግሞ ወደ ገበሬው ይወስደዋል። ሐሳቡ መልካም ነበር። የሀገራችን የተማረ ሰው እጁን ከአፈር ማራቁን እንደ ክብር በሚቆጥርበት ዘመን፣ ተማሪን ዶማ አስይዞ ማሰለፍ ትንሽ ነገር አልነበረም። አባቶቻችን «ተማር ልጄ» ሲሉ ከማረሻው ይላቀቅ ማለታቸው ነበር፤ የጅማው ትምህርት ቤት ግን ተምረህ ወደ ማረሻው ተመለስ አለ።

ሆኖም ሐሳቡ አንድ ጎደሎ ነበረው። የመጣው ከእህልና ከከብት ሀገር ነው። ስንዴን፣ በቆሎን፣ የወተት ላምን ጠንቅቆ ያውቃል። እንሰትን ግን አያውቅም። ቡናን በዛፍ ጥላ ሥር፣ ከኮረሪማ ጋር፣ ከንብ ቀፎ በታች የሚያበቅል ገበሬ በኦክላሆማ አልነበረም። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ማንም የማያውቀውን ሊያስተምር አይችልም። ጥያቄው እኛ የምናውቀውን ለምን ወደ ሥርዓተ ትምህርቱ አላስገባነውም ነው።

ሦስቱ እግሮች ሲለያዩ

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ላስቀምጥ። ገበሬውን የማስተማር ሥራ፣ ማለትም ኤክስቴንሽኑ፣ በመጀመሪያ በዓለማያ ኮሌጅ ሥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ራሱን ችሎ ተቋቋመ፤ የጅማ ምርምር ማዕከልም በመልኮ ሥራውን ጀመረ። የኦክላሆማ ውል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ተጠናቀቀ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስቱ እግሮች በሦስት ተቋማት ተከፋፈሉ ማለት ነው።

ለዚህ ክፍፍል በቂ አስተዳደራዊ ምክንያት ነበረው። አንድ ኮሌጅ የመላ አገሪቱን ገበሬ ሊደርስ አይችልም፤ አገራዊ ምርምርም የራሱ በጀትና የራሱ ባለሙያ ይሻል። ውጤቱ ግን በክፍል ውስጥ ተሰማ። መምህሩ ማስተማር ብቻ ቀረለት። ማሳው የተመራማሪው ሆነ፤ ገበሬው የልማት ሠራተኛው ሆነ፤ ለተማሪው ደብተሩ ተረፈለት። የጅማው ትምህርት ቤት ወደ ኮሌጅነት ሲያድግ፣ የተማሪው ቁጥር ሲበዛ፣ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው መሬት እየጠበበ፣ የተግባር ሰዓቱ እያጠረ ሄደ። እድገት ባልነው ነገር ውስጥ ይህ ኪሳራ እንደነበረ መካድ አይገባም።

በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውን በአሥር ሺዎች ወደ ገጠር ሲያዘምት፣ ክፍተቱ በግልጽ ታየ። ዘማቹ ገበሬውን ሊያስተምር ሄደ፤ ከገበሬው ለመማር የሚያበቃ ዝግጅት ግን አልነበረውም። ብዙዎቹ የዘመቻው ተሳታፊዎች ኋላ ላይ ራሳቸው የሚያስታውሱት፣ ስለ መሬት ላራሹ አጥብቀው እየተናገሩ በእጃቸው መሬት የመቆፈር ልምድ እንዳልነበራቸው ነው።

ቡናና ጓሮ

አሁን ከግቢው ወጥተን ወደ ከተሞቹ እንሂድ። ጅማ ከመጀመሪያውም የገበያ ሀገር ናት። በጅማ አባ ጅፋር መንግሥት ዘመን የሂርማታ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካሉት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከጂሬን ቤተ መንግሥት በታች ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከጌራ፣ ከከፋ የሚመጡ ነጋዴዎች ይገናኙበት ነበር። የገበያው ታሪክ ባሪያ ፍንገላንም የሚጨምር መራራ ታሪክ ነው፤ ይህንንም መርሳት አይገባም። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲያሻቅብ፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ጌራና ሰቃ የቡና ከተሞች ሆኑ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ቡና ከአገሪቱ የውጭ ንግድ ገቢ ከግማሽ በላዩን ይይዝ ነበር።

ገበሬው ቡናን የሚያበቅልባቸው አራት መንገዶች መኖራቸውን እናውቃለን፦ የጫካ ቡና፣ ከፊል የጫካ ቡና፣ የጓሮ ቡናና በዘመናዊ እርሻ የሚተከል ቡና። ከእነዚህ ውስጥ ለዛሬው ርእሳችን የሚበልጠው የጓሮው ነው። በማና ወይም በጎማ አንድ የገበሬ ጓሮ ብትገቡ ከላይ ዋንዛ፣ ሰሳና ብርብራ ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው ቡናው፤ ከቤቱ አጠገብ እንሰቱ፤ እርጥብ በሆነው ጥግ ጎደሬው፤ በአጥሩ ላይ የተንጠላጠለው ቦዬ፤ በዛፉ ቅርንጫፍ ላይ የንብ ቀፎው። ይህ የቆመው በሥርዓት ነው፤ እያንዳንዱ ተክል የሚሠራው ሥራ አለው። ቡናው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ገንዘብ ያመጣል። ጎደሬው፣ ቦዬውና እንሰቱ ደግሞ ገንዘቡ ባለቀበት፣ የጎተራው እህል በተሟጠጠበት በክረምቱ ወራት ቤተሰቡን ይይዛሉ። ነሐሴ ላይ የበቆሎው እሸት እስኪደርስ ድረስ የሚያሻግረው ድልድይ ይኸው ጓሮ ነው። የሚጠብቁትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

ይህ ድልድይ ዋጋው የታወቀው ቡና ሲወድቅ ነበር። የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1989 ፈረሰ። ከአሥር ዓመት በኋላ ዋጋው ቁልቁል ወርዶ እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ ፓውንድ ቡና በኒውዮርክ ገበያ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ተሸጠ። በዚያን ጊዜ በቡና አብቃይ አካባቢዎች ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት መትከሉን ሰምተናል፣ በዓይናችንም አይተናል። የምግብ ተክሎቹን በጓሮው ጠብቆ የቆየው ቤተሰብ ክፉውን ዘመን በጎደሬና በቆጮ አሳለፈ። ጓሮውን ሁሉ ለአንድ የገንዘብ ተክል የለቀቀው ግን ቡናውን ሸጦ እህል መግዛት ሲያቅተው እጁ ባዶ ቀረ። «የድኻ ምግብ» የተባለው ነገር በእውነቱ ከድኽነት የሚያድን ምግብ ነበር።

ከጓሮ የተገኙ ሁለት ትምህርቶች

የአካባቢን ተክል ማወቅ ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ሳይንስም ነው። ይህን ለማስረዳት ሁለት ታሪኮችን ላቅርብ።

የመጀመሪያው የቡና ፍሬ በሽታ ታሪክ ነው። በሽታው በመጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1922 በኬንያ ነበር፤ ወደ እኛ ዘንድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አረንጓዴውን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፍ በመሆኑ፣ ቡና ላይ የተመሠረተው ኢኮኖሚ በእጅጉ ሰጋ። ቡናን የመሰለ ለዓመታት የሚቆም ተክል በመደበኛው መንገድ አዳቅሎ አዲስ ዝርያ ማውጣት ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። የጅማ ተመራማሪዎች ግን ሌላ መንገድ መረጡ። በሽታው በበረታባቸው ማሳዎችና ጫካዎች ገብተው፣ ሌሎቹ ሲጠቁሩ ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች ፈለጉ። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ የተገኙት በኢሉባቦር ነበር። 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች የዚህ ሥራ ውጤቶች ናቸው፤ «74» የሚለው ቁጥር የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ለገበሬው ተከፋፈሉ፤ ዛሬም በጅማ ዙሪያ በስፋት ይተከላሉ። መድኃኒቱ የተገኘው ከባሕር ማዶ ሳይሆን፣ ገበሬው ሳያጠፋ ካቆየው ብዝኃ ሕይወት ውስጥ ነው። በጎማ ወረዳ በጮጬ የሚገኘው የቡና የመስክ ጂን ባንክም የዚሁ ሀብት ጎተራ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የተቃራኒው ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታን ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቁት ኢትዮጵያዊው ዳኛቸው ይርጉና ባልደረባቸው ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ነበሩ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ በሽታው በሙዝ ላይ በዚሁ በከፋ መታየቱ ተዘገበ። ማስጠንቀቂያው ተጽፎ ነበር። ግን እንሰት የዓለም ገበያ ተክል ባለመሆኑ፣ ጉዳዩ ቡና ያገኘውን ትኩረት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2001 በሽታው ዩጋንዳ ደርሶ የሚሊዮኖች ምግብ የሆነውን ሙዝ ማጥፋት ሲጀምር ዓለም ከእንቅልፉ ባነነ። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ለምግብነት የሚጠቀምበት ተክል በገዛ ሀገሩ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የሚገባውን ቦታ ሳያገኝ መቅረቱ ለእኛ ለመምህራን የሚያሳፍር ነው።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር እንረዳለን። ለገበያ ለሚፈለገው ተክል ዕውቀታችንን በአስቸኳይ አሰማራን፤ ለምንበላው ተክል ግን ዘገየን። ቅጠሉን እያወቀ ዝም ያለው ተማሪዬም የተማረው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው።

ጤናና ግብርና በአንድ ግቢ

የጅማ ዩኒቨርሲቲ አመሠራረት ለዚህ ጉዳይ ልዩ ዕድል የሰጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን ይዞ ተነሣ። ተማሪው ከሆስፒታሉ ብቻ ሳይሆን ከሰፈሩ፣ ከውኃ ምንጩ፣ ከቤቱ እንዲማር ወደ ሰርቦ፣ ወደ አሰንዳቦ፣ ወደ ሸቤ፣ ወደ አጋሮና ወደ ሰቃ ይሰማራ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ኢንስቲትዩቱና የጅማ ግብርና ኮሌጅ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። እስቲ ይህን ውሕደት አስቡት፦ አንዱ ወገን ስለ ሰውነት ያውቃል፤ ሌላው ስለ አፈር ያውቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ምንድን ነው? ምግብ ነው።

የጤና ተማሪው በየሰፈሩ እየዞረ የሕፃናትን ክብደት ይመዝናል፤ የቀነጨረውን ይመዘግባል። የግብርናው ተማሪ ደግሞ በሌላ ወር፣ በሌላ ፕሮግራም፣ ምናልባት በዚያው ቀበሌ የበቆሎ ምርት ይለካል። ሁለቱ በአንድ ጓሮ፣ በአንዲት እናት ፊት ቆመው «ልጅሽ ምን ይበላል? ይህስ የት ይበቅላል?» ብለው አብረው ቢጠይቁ፣ ከብዙ ጥናታዊ ጽሑፍ የሚበልጥ ትምህርት ይወጣው ነበር። የተቋማት ውሕደት በወረቀት ላይ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የዕውቀት ውሕደቱ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

የግቢ ጓሮ ለምን ይጠወልጋል?

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ተቋም ሳስተምር፣ ከተማሪዎቼ ጋር ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለ ባዶ መሬት ላይ የአትክልት ቦታ አዘጋጀን። ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ሽንኩርት ተከልን። በሚያዝያ የመጀመሪያውን ምርት ስንለቅም ደስታችን ልክ አልነበረውም። ሐምሌ ላይ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔም ለሌላ ሥራ ተጠራሁ። መስከረም ላይ ስመለስ ከብት ገብቶበት፣ አረም ውጦት አገኘሁት። በቀጣዩ ዓመት ቦታው የግንባታ አሸዋ ማራገፊያ ሆነ። ያን ጊዜ የተናደድሁት በአስተዳደሩ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ጥፋቱ በከፊል የራሴ ነበር፤ የሀገሬን የዝናብ ዘመን ረስቼ ነበርና።

የእኛ የትምህርት ዘመን የሚያበቃው ዋናው ዝናብ ሲበረታ ነው። ተማሪው ግቢውን ለቅቆ የሚሄደው ምድር በምትሠራበት ወራት፣ የሚመለሰው ደግሞ ሥራው ካለፈ በኋላ ነው። ከሌላ ሀገር የተቀዳው የግቢ ጓሮ ሐሳብ እኛ ዘንድ በተደጋጋሚ የሚከሽፍበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መፍትሔው ግን በገበሬው ጓሮ ውስጥ አለ። ለበርካታ ዓመታት የሚቆመው እንሰት ለእረፍት አይጨነቅም። ጎደሬና ቦዬ ክረምቱን ራሳቸው ያድጋሉ፤ ተማሪው ሲመለስ መሬት ውስጥ ይጠብቁታል። ጎመንና ሽንኩርትን ደግሞ ከጥቅምት በኋላ በመስኖ ማልማት ይቻላል። ከመጽሐፉ ይልቅ እናቶቻችንን ብንጠይቅ ኖሮ ይህን በመጀመሪያው ዓመት እናውቀው ነበር።

ሁለተኛው እንቅፋት የማዕድ ቤቱ ደጃፍ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቀለብ የሚገዛው በዓመታዊ ጨረታ ነው። ጨረታው ንግድ ፈቃድ፣ ደረሰኝና በብዛት የማቅረብ ዐቅም ይጠይቃል። ሥርዓቱ ለተጠያቂነት አስፈላጊ ነው። ነገር ግን የተማሪዎች ማሳ ያፈራው ሁለት ኩንታል ጎመን የሚገባበት በር የለውም። ለአንድ ተማሪ የቀን ቀለብ 22 ብር በነበረበት ዘመን የግቢው ጎመን ወደ ግቢው ምግብ ቤት መግባት ያልቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በጀቱ ወደ 100 ብር ከፍ ካለ በኋላም በሩ ካልተከፈተ ነገሩ ያው ነው።

በሌላ በኩል ተስፋችንንም በልክ ማድረግ ይገባል። እስቲ አብረን እናስላ። 10,000 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው በቀን 100 ግራም ጎመን ይበላሉ ብንል፣ በቀን 10 ኩንታል፣ በ300 ቀናት 3,000 ኩንታል ያስፈልጋል። ከአንድ ሄክታር 200 ኩንታል ይገኛል ብለን ብንገምት 15 ሄክታር ይበቃል። ይህ የሚቻል ነገር ነው። እህልን ብናሰላ ግን፣ በነፍስ ወከፍ በቀን 400 ግራም ቢሆን፣ በዓመት 12,000 ኩንታል ይሆናል፤ በሄክታር 30 ኩንታል ቢገኝ 400 ሄክታር ይጠይቃል። ይህን የሚያህል መሬት ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ የሚገኘው ገበሬውን በማፈናቀል ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ዘላቂነት ሊባል አይችልም። ስለዚህ «ዩኒቨርሲቲው ራሱን ይመግብ» የሚለው መፈክር በሙሉ ልብ የሚነገር አይደለም። አትክልቱን ማብቀል፣ እህሉን ከአካባቢው የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት መግዛት ግን ይቻላል።

ሦስተኛው ጉዳይ አፈሩ ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ ቀይ እሸት ቡና ያስፈልጋል። ቀሪው ልጣጭ፣ ገለፈትና ውኃ ነው። በመኸር ወራት በሊሙ፣ በጎማና በማና ወንዞች ዳር ያለፈ ሰው ከቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የሚወጣውን ፍሳሽ ሽታ ያውቀዋል። የዩኒቨርሲቲያችን ተመራማሪዎች ይህ ፍሳሽ በወንዞች ሕይወት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በተደጋጋሚ አጥንተዋል። ይኸው ወንዙን የሚገድለው ልጣጭ በአግባቡ ቢብላላ ግን ለማሳው ኮምፖስት ይሆናል። ተማሪ ይህን በእጁ ሲሠራ፣ ከአጋሮ የመጣውን ገለፈት ከግቢው የወጥ ቤት ትራፊ ጋር ቀላቅሎ፣ ሙቀቱን ለክቶ፣ ከወራት በኋላ በጎመኑ ሥር ሲያፈስሰው፣ የናይትሮጅን ዑደት ከሰሌዳ ላይ ወርዶ መሬት ይረግጣል። አዌቱ ወንዝ ከተማችንን አቋርጦ ሲያልፍ ምን ተሸክሞ እንደሚወጣም ያኔ በሌላ ዓይን ያየዋል።

ማጠቃለያ

ክቡራትና ክቡራን፤ ሰባው ዓመት ያስተማረንን በሦስት ነጥብ ልሰብስብ። አንደኛ፣ በጅማ የተተከለው የመጀመሪያው ሐሳብ፣ ማስተማርን፣ ምርምርንና ገበሬውን አንድ ላይ ማቆም፣ ትክክል ነበር፤ የፈረሰውም ከንቱ ስለነበረ ሳይሆን በአስተዳደር ስለተከፋፈለ ነው። ሚኒስቴሮችን ማዋሐድ አንችልም፤ በአንድ ኮርስ ውስጥ፣ በአንድ ማሳ ላይ ግን ሦስቱን ማገናኘት በእጃችን ነው። ሁለተኛ፣ ያ ሐሳብ የጎደለው የሀገሩ ተክል ነበር። እንሰት፣ ጎደሬ፣ ቦዬና ኮረሪማ በማሟያ ንባብ ሳይሆን በዋናው ትምህርት ውስጥ ቦታ ሊኖራቸው ይገባል። ሦስተኛ፣ የግቢ ጓሮ እንዲቀጥል ከተፈለገ በመምህሩ በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም። ማርክ የሚሰጥበት፣ በክረምት ጠባቂ የሚመደብለት፣ ምርቱ ወደ ማዕድ ቤት የሚገባበት የተጻፈ ደንብ ያስፈልገዋል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ችግኝ ተክለናል፤ ሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ሲጀመርም ብዙ ቃል ተገብቷል። ዘመቻ ይጀምራል እንጂ አያጸናም። የሚያጸናው ሥርዓት ነው።

በመጨረሻ ወደዚያ ተማሪ ልመለስ። በተከታዩ ሳምንት ፈቃዱን ጠይቄ፣ ከእናቱ ጓሮ የመጣ የጎደሬ ሥር ወደ ክፍል ይዞ እንዲመጣ አደረግሁ። እንዴት እንደሚተከል፣ መቼ እንደሚቆፈር፣ አፍና ጉሮሮ እንዳያሳክክ እንዴት በደንብ እንደሚቀቀል ለጓደኞቹ አስረዳ። ለአርባ ደቂቃ ያህል መምህሩ እርሱ ነበር። የሳቀ አልነበረም። ሁለት የከተማ ልጆች እንዲያውም ማስታወሻ ይይዙ ነበር። እኔ በዚያች ሰዓት የተረዳሁት፣ የጎደለን ዕውቀቱ ሳይሆን ለዕውቀቱ የምንሰጠው ወንበር መሆኑን ነው። ያንን ወንበር የማቅረብ ሥልጣን ደግሞ በዚህ አዳራሽ ውስጥ በተቀመጥነው በእያንዳንዳችን እጅ አለ።